በሞንታርቦ የተጠሩ ስሞች

ጤና ጣቢያችን ጉብታ ሥር ነበር፤ ጉብታው ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ። ከተማዋ ከቁይ ብዙ የማትርቅ የገበያ ከተማ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ይገባችኋል። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ ጉብታውን ይሸፍነዋል። ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው። እስከ ዛሬ ድረስ ባለቤቱ የማይታይ ድምፅ ስሰማ ዞሬ ባለቤቱን እፈልጋለሁ። ደፋር ነኝ እያለ ሲያወራ የኖረ ሰው ይህን ማመኑ ያሳፍራል፤ ግን እውነቴን ነው።

የምሠራው በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ክፍል ነበር። የሌሎቹ ክፍሎች በር ላይ ሥራቸው ተጽፏል፤ ካርድ ክፍል፣ ክትባት፣ ላቦራቶሪ። የእኔ በር ላይ ቁጥር ብቻ፤ ሰባት። ነገሩ የኤችአይቪ መድኃኒት ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ እኛ ዓይነቱ ጤና ጣቢያ መምጣት በጀመረበት ሰሞን ነው። የሚገባው ሰው እንዳይታወቅ ተብሎ ነው ሥራዋ ያልተጻፈባት። ወር ሳይሞላ ገበያተኛው ሁሉ ዐወቃት። «እገሌ ሰባት ቁጥር ሲገባ ታየ» ማለት «እገሌ አለቀለት» ማለት ሆነ። ከበሮቹ ሁሉ ጽሑፍ የሌላት እሷ ብቻ ስትሆን ከሁሉ በላይ እንደምትታወቅ ያሰበ አልነበረም።

እኔ በጥንቃቄ ነገር የሚስተካከለኝ የለም ባይ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ወርጄ ሥልጠና ወስጄ ተመልሻለሁ። መርፌ ከተወጋ በኋላ ክዳኑ አይመለስም፤ በቀጥታ ቢጫው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ደም የነካው መሣሪያ በረኪና ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ሳይዘፈዘፍ አይታጠብም። ጓንት ሳያደርግ ደም የሚነካ ባልደረባ ካየሁ በሰው ፊት አዋርደው ነበር። ሣጥኑ ሊሞላ ሲል ይታሸግና ጓሮ ባለው ማቃጠያ ይቃጠላል። ጭሱ ሲነሣ መንገደኛው አፍንጫውን በጋቢው ይዞ መንገድ ይለውጣል፤ በሽታው በጭስ የሚዞር ይመስለው ነበር። እስቅባቸው ነበር።

ሣጥኑን የሚያቃጥሉት፣ ወለሉንም በበረኪና የሚያጥቡት የጽዳት ሠራተኛችን ነበሩ። ሃምሳን ያለፉ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሴት ልጃቸው መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት በዚሁ በሽታ እንደሞተችባቸው ከሰው ሰምቻለሁ፤ እሳቸው አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። ወፍራሙን ጓንት ማድረጋቸውን፣ ቦት ጫማ መጫማታቸውን እቆጣጠራለሁ። ከዚህ ሌላ ስለ እሳቸው አስቤ አላውቅም።

የቸገረን አጠራሩ ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ጉንፋን የያዘውም፣ እግሩን መጥረቢያ የቆረጠውም፣ ሰባት ቁጥር የሚገባውም አንድ አግዳሚ ላይ ተደባልቆ ይቀመጣል። ተራው ደርሶ አንዱን በስሙ ከነአባቱ ስጠራው አግዳሚው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። አንድ መምህር እንዲህ ተጠርቶ ብድግ አለና ወደ እኔ በመምጣት ፈንታ በውጭው በር ወጣ። ሁለተኛ አልተመለሰም። ብልሃቱ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ነርስ ከመሆኔ በፊት ዲያቆን ነበርኩ። የክርስትና ስም ምን እንደሆነ እኔን የሚያስረዳኝ አልነበረም። ካህን በጥምቀታችን ቀን ያወጣልናል፤ ወላጅና የነፍስ አባት ያውቁታል፤ ጎረቤት አይጠራበትም። በቁርባን፣ በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ በካህን አፍ ካልሆነ በቀር አይሰማም። ከእናት ስም ጋር መተተኛ እጅ ከወደቀ ጉድ ያፈላል ተብሎም ይደበቃል። እንግዲያው ጎረቤት የማያውቀውን ስም ኮሪደር ላይ ብጠራ ማን ያውቃል? ከታካሚዎቼ ሁሉ የክርስትና ስማቸውን ጠየቅሁ፤ መዝገቡንም በዚያው ስም ጻፍኩት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ «አንተ እኮ ቀላል ሰው አይደለህም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጉራዬ ጣሪያ ነካ።

የመጀመሪያውን ስም የጠራሁ ጠዋት ግን ማንም ዞሮ ማንንም አላየም፤ ሁሉም ወደ መሬት አዩ። ሁለት አሮጊቶች አማተቡ። የእግራቸውን ቁስል ሊያስጠርጉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝና፣

«ልጄ፣ ምነው በጠዋቱ ሰውን በፍትሐት ስሙ ትጠራው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ተራ ነው እኮ የምጠራው።»

«አዬ፣ እሱስ ተራ ነው» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ታካሚዎቹም በአንድ ጥሪ አይነሡም። ጠሪው ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አቤት አይባልም የሚል ልማድ አለ፤ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ነው ሰው መሆኑ የሚታመነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ሦስት ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። አንዱ ወጣት ሲገባ መጀመሪያ በሩን ዘጋ። «ዶክተር፣ ያንን ስም ከእናቴ ሌላ ሰው ሲጠራኝ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ የሞትኩ መሰለኝ» አለኝ። በዚያ አገር ነርስ ነኝ ብትል የሚሰማህ የለም፤ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ካርዱ ሳይነሣ ቀርቶ ከሳምንት በፊት የሞተ ሰው ጠራሁ። በሦስተኛው ጥሪ ከአግዳሚው ጫፍ «አቤት» የሚል የወንድ ድምፅ ሰማሁ። የተነሣ ሰው የለም። ካርዱን አየሁት፤ ማን እንደነበረ ያኔ ትዝ አለኝ። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሰው ነው ብዬ ራሴን አስረዳሁ፤ የክርስትና ስም ብዙ ሰው ይጋራዋልና። ግን ወደ ጫፉ ሄጄ «ማን ነው አቤት ያለው?» ብዬ ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም። አግዳሚው ላይ ስምንት ሰዎች መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠዋል።

በመዝገቡ ዐሥራ ዘጠነኛዋ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። አምስት ወሯ ነው። አባቷ ቤት ከመርጡለ ማርያም ወዲያ ነው፤ በቁርባን ተድራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እህል የምትነግድ አንዲት ባልቴት ምራት ናት። በእርግዝና ክትትል ተመርምራ ቫይረሱ ተገኘባት። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ከወሰደች ልጁ ነፃ ሆኖ የመወለድ ዕድሉ ትልቅ መሆኑን ነገርኳት። አለቀሰች፤ ዓይኗን ጠርጋ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ የነገርኳትን አንድ ሳታስቀር ደገመችልኝ። ጎበዝ ነበረች። ባሏ እንዲመረመር ይዘሽው ነይ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

«መጀመሪያ ልውለድ። ልጁን ታቅፌ እነግራቸዋለሁ። አሁን ኸሰሙ በዚያው ቀን ነው የሚያስወጡኝ፤ አባቴ አገር ሳልደርስ መንገድ ላይ እቀራለሁ።»

ኪኒኑን የበርበሬ ዕቃ ሥር እንደደበቀችው፣ ማንም እጁን እንደማይከትበት ነገረችኝ። የክርስትና ስሟን ስጠይቃት ግን አመነታች። ያጠመቃት ካህን ያልተለመደ ስም ነው ያወጣላት፤ በዲቁናዬ ዘመንም ሌላ ሰው ሲጠራበት አልሰማሁም።

«ዶክተር፣ ይኼን ስም እኮ አማቴ ታውቀዋለች። ስንቆርብ ሰምታዋለች።»

«አማትሽ እዚህ ኮሪደር ላይ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» አልኳት፤ ሣቅሁም።

እሷም ፈገግ ብላ ሰጠችኝ።

ነሐሴ ገባ። የፍልሰታ ጾም ነውና ከተማው ጭር ብሏል፤ መራመድ የሚችል ሁሉ ጉብታው ላይ ነው። በዚያ ዓመት ምእመናኑ አዋጥተው ሞንታርቦ ገዝተው ነበር፤ ከግቢው ዛፍ ላይ አስረው ትምህርቱንም ጸሎቱንም ለከተማው ያሰሙበታል። ከጾሙ ቀናት በአንዱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሪፖርት እሠራለሁ። መስኮቱ ላይ ጉሙ ተለጥፏል። ሞንታርቦው ትንሽ አጓራና የአንድ ዲያቆን ድምፅ መጣ፤ በጸሎት ይታሰቡልን የተባሉ ሰዎችን ስም ማንበብ ጀመረ። የተለመደ ነው። ሰው የታመመ ዘመዱን ስም ለካህን ይሰጣል፤ በሱባኤ ይጠራለታል።

የመጀመሪያውን ስም አላውቀውም። ሁለተኛው የመዝገቤ ተራ ቁጥር አንድ ነበር። ሦስተኛው ተራ ቁጥር ሁለት። አራተኛው ተራ ቁጥር ሦስት።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል። አንደኛውን እኔው ነኝ ዓይኑን የከደንኩት። ድምፁ አቆመና ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ማለት ጀመረ፤ በጉሙ ውስጥ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ አይለይም፤ ከጓሮም ከጣሪያም የሚመጣ ይመስል ነበር። ስሞቹ የተለመዱ ናቸው፣ ገጥሞ ነው አልኩ። ተነሥቼ የማልፈልገውን ውኃ ጠጣሁ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መዝገቡን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ከአራት ጀመረ። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ተከተልኩት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። አንድም አልዘለለም፤ አንድም አላዛነፈም። ስምንተኛው ያ ኮሪደር ላይ አቤት የተባለለት ሟች ነው። ስሙ ከላይ ሲጠራ፣ አላፍርም፣ ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። በዐሥራ ሁለት አቆመ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የበሩን ቁልፍ ፈተሽኩ፤ መስኮቱን ፈተሽኩ። የላቦራቶሪውን ልጅ በክፉ ዓይን አየሁት፤ የካርድ ክፍሏን ልጅ በነገር ወጋኋት። ሰይጣንንም ጠርጥሬ ነበር፤ ስንት ዓመት ያነበብኩት ድርሳን ሁሉ ተመለሰብኝ። መድረሻው ግን ግልጽ ነበር። ዛሬ ዐሥራ ሁለት ካለ ነገ ዐሥራ ሦስት ይላል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ይደርሳል፤ አማትና ምራት በፍልሰታ ከዚያ ግቢ አይታጡም።

ለምን ሮጬ ካህኑን «አቁሙ» አላልኩም? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው፤ እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ምን ብዬ ላቁም? «እነዚህ የእኔ ታካሚዎች ናቸውና አትጥሯቸው» ብል በገዛ አፌ መናገሬ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የስም ዝርዝር ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ወደ ቤቷ ሰው ብልክስ? ከሰባት ቁጥር የተላከ ሰው ደጇን ሲመታ ከሞንታርቦው ምን ይለያል? እንዲህ እያልኩ ቀኑን ጨረስኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ የፈራሁ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ዲያቆኑ ከማንበቡ በፊት አንድ ቃል ጨመረ። ስሞቹን ያስጠራው ሰው ለካህኑ ነግሯቸው ይሁን፣ ካህኑ ሲጠይቁ የተመለሰላቸው ይሁን፣ ያኔ አላወቅሁም። «በጤና ጣቢያው በሰባት ቁጥር ስላሉት ሕሙማን» አለ።

ሮጥኩ። ነጭ ጋዎኔን ማውለቅ ትዝ ያለኝ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ያኔም አላወለቅሁትም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ አንድ ጫማዬ ተነቅሎ ቀረ። ዐሥራ ሦስት አለ። ድምፁ ፊት ለፊቴ ነው፤ የሚናገር ሰው ግን አይታይም፤ ቤተ ክርስቲያኑም አይታይም። ዐሥራ አራት። በሩጫ ወደሚጠራ ድምፅ መቅረብ ምን እንደሚመስል ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ አንድ እርምጃ በተጠጋሁ ቁጥር አንድ ስም የሚለቀቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ዐሥራ አምስት፤ እሱ ሞቷል። ዐሥራ ስድስት። የግቢው በር ከጉሙ ውስጥ ድንገት ወጣና ልጋጨው ምንም አልቀረኝም። ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት።

ግቢው በነጠላ ተሞልቷል። ሰው ሁሉ ቁርባን እንደሚጠብቅ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል። በሴቶቹ በኩል፣ ከበሩ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አማትና ምራት በአንድ ጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆመው አየኋቸው። አማትየዋ ናት ጃንጥላውን የያዘችው፤ ልጅቷ እንዳይነካት ወደ እሷ አዘንብላዋለች። ልጅህን እንደምትጠብቅ ነበር የምትጠብቃት።

ያ እንግዳ ስም ከዛፉ ላይ ወረደ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠራው።

አማትየዋ ፊቷን አላዞረችም። ከዚያ ጃንጥላውን ቀጥ አደረገችው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ትንሽ ቆይታ ሌላ እርምጃ፤ ጃንጥላው አብሯት ሄደ። ልጅቷ ዝናብ ውስጥ ቀረች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ዞረችና በሩ ላይ እኔን አየችኝ፤ ባለ ነጭ ጋዎን፣ አንድ እግሩ ባዶ። ሕዝቡ እግዚኦታውን ጀመረ። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ስታዜም ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ወረቀቱን ያለ ክርክር ሰጡኝ። ምን እንዳጠፉ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሦስት ቁራጭ ወረቀት ነው፤ የእኛው ጤና ጣቢያ አሮጌ ቅጽ ጀርባ ላይ፣ በትላልቅ ጠማማ ፊደል የተጻፈ። ወረቀቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። በረኪና በረኪና ይሸታል።

ምሳ ሰዓት ላይ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ስወጣ ወለሉን የሚያጥቡት የጽዳት ሠራተኛችን ነበሩ። ከላቦራቶሪው ልጅ እቆልፍበት ነበር፤ ከኃላፊው እሸፍነው ነበር። ከእሳቸው ግን ለምን? ማንበብ ይችላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለካ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው ኖሯል፤ በቀን ሁለት ሦስት ስም እየገለበጡ ስንት ሳምንት ሠርተውበታል።

ማቃጠያው ዘንድ አገኘኋቸው። ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት፤ እየጮህኩ ነበር።

«እማማ፣ ምን አደረጉኝ? ምን አደረጓት?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። «ስማቸውን ብቻ እኮ ነው ልጄ። በሽታቸውን መች ተናገርኩ? ስለ ማን እንደምጸልይ ቢጠይቁኝ እዚያ ስላሉት ሕመምተኞች አልኩ እንጂ። አንተም ታውቃለህ፤ የክርስትና ስም እግዜር ፊት ሊጠራ አይደለም የሚወጣ? አንተ ስትጠራው ኮሪደር ላይ ይቀራል። እኔ ወደሚሰማው ወሰድኩላቸው።»

«መጀመሪያ ላይ ያለው ስምስ? በመዝገቤ የለም።»

ጓንታቸውን አወለቁ። «የልጄ ነው» አሉ። «እሷ ስትታመም ስሟን አላስጠራሁላትም። ሰው እንዳይሰማብኝ ብዬ ደበቅኋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ?»

አማትየዋ ስሙን ስትሰማ ጃንጥላውን ይዛ ከምራቷ እንደራቀች ነገርኳቸው። ሲሰሙ እዚያው አመድ ላይ ተቀመጡ። ለኃላፊው አልከሰስኳቸውም። ጽድቅ አይደለም፤ ከእሳቸው በፊት የሚከሰሰውን ስለማውቀው ነው። የሰዉን ምሥጢር ፈልቅቄ ያወጣሁት እኔ፤ ማንም እንዲያየው ክፍት የተውኩት እኔ። መርፌ ቢሆን ኖሮ ክፍት ትቼው ምሳ አልወጣም ነበር።

ልጅቷን በዚያው ቀን አስወጧት። በማግስቱ ጠዋት አንድ የልብስ ጥቅል ይዛ መጣች፤ መድኃኒቷን የምትቀጥልበት የዝውውር ወረቀት ጠየቀችኝ። መጻፍ ጀመርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት ስጀምር «ቶሎ ይጻፉልኝ፣ መኪናው ይሄድብኛል» አለችኝ። ባሏ ከዚያ በኋላም ገበያ ላይ ደረቱን ነፍቶ እህል ሲሸጥ አየው ነበር። አልተመረመረም። ማንም አልጠየቀውም። ሁሉም እሷ ያመጣችው ነገር መሆኑን ያወሩ ነበር፤ ያን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በዚያው ሳምንት መዝገቡን በቁጥር ለወጥኩት፤ ስሙ ያለበትን በቁልፍ ዘጋሁት። ሰባት ቁጥርንም ለመደባለቅ ብለን የስኳርና የደም ግፊት ታካሚም እዚያው እንዲታይ አደረግን። የትምህርቱን ዋጋ ሌላ ሰው ከፈለልኝ ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ በገበያ ቀን፣ ልጅ አዝላ መጣች። ከስታለች፤ አረማመዷ ግን የድሮው ነው። ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው የሚደረግለት የመጨረሻ ምርመራ ይቀረዋል። እዚያው በምትኖርበት ልታስመረምረው ትችል ነበር፤ መኪና ተሳፍራ እዚህ ለምን እንደመጣች ጠየቅኋት።

«እዚህ ነው የተነገረኝ» አለች። «እዚሁ ይነገረኝ።»

ከልጁ ጣት ደም ወሰድኩ፤ ጮኸ፤ እያወዛወዘች አባበለችው። ኮሪደሩ በገበያተኛ ሞልቷል፤ የባሏ ሰፈር ሰዎችም አሉበት። ሰዓቱን እያየሁ ጠበቅን። እሷ የእኔን ፊት አይደለም፣ ምርመራው ላይ የሚወጣውን መስመር ነው የምታየው። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ሁለተኛው እንዳይመጣ ሰዓቱ ካለቀ በኋላም ተጨማሪ ጠበቅሁ።

ሥርዓቱ እንደሚያዘው ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ፤ ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ልጅሽ ነፃ ነው።»

ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የዘጋሁትን በር ነው ያየችው፤ ከበሩ ወዲያ ሰዎቹ ሲያወሩ ይሰማል።

«ይኼንንስ በሞንታርቦ ማን ያነብልኛል?» አለችኝ።